ታፔላው በራሱ እግር ይቁም

(ጅማ ላይ ለታፔላ፣ ለብየዳና ለቀለም ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

አካም ጅርቱ! እንደምን አረፈዳችሁ? አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለሱቅ ታፔላ የሚያዘው ሐሙስ ነው፣ ተሰቅሎ ማየት የሚፈልገው ግን ቅዳሜ ነው። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

ከፊት ረድፍ የጀመረ አንድ የማር ጠርሙስ እየዞረ ነው። ማር የለበትም። ክዳኑ በሙጫ ተጣብቋል፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ ማንም እንዳይከፍተው። ውስጡ ያለው መዳፍ የሚያክል ግራጫ ስባሪ ከአንድ የድሮ መጋዘን ጣሪያ የወደቀ ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታችሁ የተሰበረውን ጠርዝ ተመልከቱ። ከሲሚንቶው ውስጥ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ይታያል። ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ፀጉር ነው፤ አስቤስቶስ ይባላል። አይታችሁ ወደ ኋላ አሳልፉት።

እኔ ከዚህ ነገር ጋር የተገናኘሁት በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከአንድ ታፔላ ሠሪ ሥር ረዳት ሆኜ ገብቻለሁ። አንድ የንግድ ድርጅት መጋዘኑ ግንባር ላይ ትልቅ የላሜራ ታፔላ አዘዘ። ግንባሩ የተሸፈነው እንደ ቆርቆሮ በተሞገደ፣ ግን ወፍራምና ግራጫ በሆነ ሰሌዳ ነበር። አሥራ አራት ቀዳዳ በትራፓኖ በሳሁ። አንዱ ጠርዝ አልገጥም ሲለኝ በግራይንደር ቆረጥኩት። ከመሰላሉ ስወርድ አለቃዬ ሳቀብኝ፦ «ወፍጮ ቤት የዋልክ ትመስላለህ!» እውነቱን ነው፣ ሽፋሽፍቴ ድረስ ነጭ ሆኜ ነበር። ቤት ስገባ እናቴ ጃኬቴን ተቀብላ ደጃፍ ላይ አራገፈችው፣ ከዚያ መጥረጊያ አንስታ ጠረገችው። ታናሽ እህቴ አጠገቧ ትጫወት ነበር።

ያን ታፔላ ከተሰቀለ በስድስተኛው ዓመት ድርጅቱ ስሙን ሲቀይር አወረዱት። አቧራው ግን ሳንባ ውስጥ ከገባ የሚያወርደው የለም። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህች ብቻ ነው።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ድንጋይ ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው ሲደቅቅ አሸዋ ሳይሆን ክር መሆኑ ነው። እናቶቻችን ጥጥ በእንዝርት እንደሚፈትሉት ይህም ድንጋይ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ጨርቁ እሳት ቢገባ አይነድም። ስሙ የግሪክ ነው፤ «የማይጠፋ» ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ማዕድኖች ስድስት ሲሆኑ፣ በገበያ በብዛት የተሸጡት ነጩ፣ ቡናማውና ሰማያዊው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ስድስቱንም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። «ነጩ ምንም አይልም» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ጥጥ ሲፈተል ብዙው ቃጫ አንድ ወፍራም ክር ይሆናል። ይህኛው ተቃራኒው ነው። በነካኸው ቁጥር በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል። ሳንባ ድረስ ዘልቀው የሚገቡት ክሮች ውፍረታቸው ከ3 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሽፋሽፍቴ ላይ የታየው ነጭ ዱቄት ዋናው ጠላት አልነበረም። ዋናው ያልታየው፣ ዱቄቱ መሬት ከያዘ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ የሚንሳፈፈው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «አቧራው በረደ» ብለን እዚያው ቁጭ ብለን የበላነው ከእሱ ጋር ነው።

አሁን ስለ ቃላችን አንድ ነገር ልበል። ታፔላ፣ ትራፓኖ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ አንጎላሬ፣ አርማታ፤ የሙያችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጅማ ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች የአንዱ ክፍለ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው የገነቧት ከተማ ናት፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው ስም ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ከጣሊያን ቃሉን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ብንወስድ ጥሩ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሉድቪግ ሃቼክ የሚባል ኦስትሪያዊ አስቤስቶስን ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ ቀጭን ሰሌዳ የማውጣት ዘዴ ፈጠረ። ስሙን «ኤተርኒት» አለው፤ ዘላለማዊ ለማለት ነው። በሰሜን ጣሊያን ካሳሌ ሞንፌራቶ የምትባል ከተማ ይህን የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ ነበራት፣ በ1986 እ.ኤ.አ. እስኪዘጋ ድረስ። የሞቱት ግን ሠራተኞቹ ብቻ አልነበሩም። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶች ሞቱ። የፋብሪካውን ብናኝ ቅሪት ወስደው ግቢያቸው ውስጥ የደለደሉ፣ ጣሪያ ሥር ለሙቀት መከላከያ የበተኑ ሰዎች ሞቱ። ፋብሪካው ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ የከተማው ነዋሪ ሁሉ ተነካ። ጣሊያን በ1992 እ.ኤ.አ. አስቤስቶስን በሕግ ከለከለች። እኔ ስለ ካሳሌ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ትዝ ያለኝ እናቴ ጃኬቴን ስታራግፍ ነው።

በሽታውን ሐኪም ቢያስረዳችሁ ይሻላል፤ እኔ የማውቀውን ያህል ብቻ። አንደኛው ሳንባን እያጠነከረ፣ እያሸበሸበ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጠባሳ ነው። ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር ነው። ሦስተኛው ሜሶቴሊዮማ ይባላል፤ ሳንባን የሸፈነው ስስ ልባስ ላይ የሚወጣ ካንሰር ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዶክተር ዋግነርና ባልደረቦቹ አብዛኞቹ ሰማያዊ አስቤስቶስ ከሚቆፈርበት ከኬፕ ሰሜናዊ ምዕራብ የሆኑ 33 ሕሙማንን ጉዳይ ካወጡ ወዲህ ግንኙነቱ እየተረጋገጠ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ላይ በሚያጋጥም አስቤስቶስ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰው ይሞታል ይላል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይደበቃል። በሃያ ዓመቱ የበሳ ልጅ በሃምሳ ዓመቱ ያስላል። ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ሳንባ ነቀርሳ ነው ይለዋል፣ አለዚያም ብርድ።

ጅማ ስለሆንን ሳልናገረው የማላልፈው አለ። ጫት ሲቃም ሲጋራ ይከተላል፤ ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሲጋራና አስቤስቶስ በአንድ ሳንባ ውስጥ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋቸው አይደመርም፣ ይባዛል። ከዚህ በላይ አልቆጣችሁም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ስንቱ ሱቅ ፊቱን ቀየረ? ስንቱ የድሮ ታፔላ ወርዶ አዲስ ተሰቀለ? ሁላችንም እንጀራችንን በልተንበታል። ነገር ግን አዲሱ ታፔላ የሚሰቀለው አሮጌ ግድግዳ ላይ ነው። የዓለም የአስቤስቶስ ምርት ጣሪያ የነካው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፣ ወደ 4.8 ሚሊዮን ቶን። ከዚያ በፊት በነበሩትና በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የተሠራ ሕንጻ ላይ ግራጫ፣ ስድስት ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው፣ ቢያንኳኩት እንደ ቆርቆሮ የማይጮህ የተሞገደ ሰሌዳ ካያችሁ ጠርጥሩ። የኮርኒስ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር የተመታ ሰሌዳ፣ የድሮ አሸንዳና የውኃ መውረጃ ቧንቧ፣ ቆጣሪና ፊውዝ የተገጠመበት ጥቁር ሰሌዳ፤ እነዚህም አሉበት። ላይት ቦክስ፣ ማለትም ውስጡ መብራት ያለው ታፔላ የምትሰቅሉ ልጆች በተለይ ልብ በሉ። ውጭ አራት ቀዳዳ ትበሳላችሁ፣ ከዚያ ለኤሌክትሪክ ገመድ ኮርኒሱን ትወጋላችሁ። ውጭ ያለው የሲሚንቶ ሰሌዳ ውስጡ ያለው አስቤስቶስ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 15 ነው፤ ሲሚንቶውም አጥብቆ ይይዘዋል። በእጅ ሲጫኑት የሚለሰልሰው፣ ለእሳት መከላከያ የገባው የውስጥ ሰሌዳ ግን እጅግ የከፋ ነው፤ ብዙ ቃጫ አለው፣ በቀላሉም ይለቃል። እሱን አትንኩት። በምንም መሣሪያ፣ በምንም ማስክ።

በዓይን መጠርጠር ይቻላል፣ ማረጋገጥ አይቻልም። የሚያረጋግጠው ማይክሮስኮፕ ነው። ዛሬም አስቤስቶስ የሌለበት ተመሳሳይ የሲሚንቶ ሰሌዳ ይሸጣል። «ጫፉን ሰብሬ ልየው»፣ «በላይተር ላቃጥለው» የምትሉ ልጆች አላችሁ፤ ተዉት። መስበሩ ራሱ አቧራ ማስነሳት ነው፣ እሳቱም ምንም አይነግራችሁም። ባለቤቱን መቼ እንደተሠራ ጠይቁ፣ ጎረቤት የሚቀመጡ አባቶችን ጠይቁ። ካልተረጋገጠ አለ ብላችሁ ሥሩ።

ታዲያ አለ ብለን እንዴት እንሥራ? እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነሱ ወዲያው ወደ ማስክ ይሄዳሉ። እኔ የምለው ግን መጀመሪያ ባለመብሳት እንጀምር ነው። ታፔላ ሰሌዳው ላይ መሰቀል አለበት ያለው ማነው? ሰሌዳው እኮ ሸክም ተሸካሚ አይደለም፤ ከጀርባው የብረት ወይም የአርማታ ምሰሶ አለ። ከቻላችሁ ምሰሶውን በብረት ማቀፊያ ከሁለት በኩል አንቃችሁ ታፔላውን ከእሱ አውጡ፤ አንድም ቀዳዳ የለም። ግድግዳው እስከ ወገብ ብሎኬት ከሆነ እግሩን እዚያ ላይ ትከሉ። ሁሉም ካልሆነ ሁለት ቱቦላሬ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ቀብራችሁ ታፔላው በራሱ እግር ይቁም። ባለፈው ክረምት አንድ ባለሱቅ «ለምን ብረት ታስወጣኛለህ፣ በፊሸር ምታው» ብሎ ሦስት ቀን ተከራከረኝ። ዋጋውን በወረቀት ለያይቼ ጻፍኩለት፤ ሁለት ቱቦላሬ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ። ከጎኑ ደግሞ ብንበሳ የሚያስፈልገውን ጻፍኩ፤ ማስክ፣ የሚጣል ቱታ፣ ላስቲክ፣ ሱቁን ግማሽ ቀን መዝጋት። ሱቁን መዝጋት የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ብረቱን ገዛ።

ክርክሩን ሁልጊዜ አናሸንፍም፤ አንዳንዴ አንድ ሁለት ቀዳዳ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ግራይንደር ከባጃጁ እንዳይወርድ። የኤሌክትሪክ ትራፓኖም በሙሉ ፍጥነት አይሆንም፤ የእጅ ትራፓኖ ይሻላል። የውስጡን ክፍል ሰው ይልቀቅ፣ መስኮት ይዘጋ፣ ከሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ። በባልዲ ውኃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጉበት፤ ባዶ ውኃ በቃጫው ላይ ይንሸራተታል፣ ሳሙና ሲገባበት ግን ይጠጣል። የምትበሱበትን ቦታ በዚያ አርጥቡት። ከዚያ ቀላል ዘዴ አለ። ወፍራም የጢም መላጫ አረፋ ወይም የግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያ ሙጫ ምልክቱ ላይ ክምር አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ፣ በእሱ ውስጥ ትበሳላችሁ። አቧራው አየር ሳያገኝ ሙጫው ውስጥ ይቀራል። ሰሌዳው ወደ ጀርባ የሚያልፍ ከሆነ በጀርባውም እንደዚያው። ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ጨርቁን ሳታጥቡ ላስቲክ ውስጥ። ደረቅ መጥረጊያ የለም። በኮምፕሬሰር መንፋት የለም። ቤት የምንጠቀምበት ቫኪዩምም ቃጫውን በአንድ በኩል ስቦ በሌላ በኩል ይተፋዋል።

ስለ ማስክ እንግዲህ። በኮሮና ጊዜ ያደረግነው ሰማያዊው ማስክ አይሆንም። ሻሽም፣ እርጥብ ነጠላም አይሆንም። የሚሆነው ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 የሚል የተጻፈበት ነው፤ እሱም ፊት ላይ ከተጣበቀ ብቻ። ጢም ያላችሁ ወንድሞቼ አትቀየሙኝ። ጢማችሁን ላጩ አልልም፣ ሃይማኖትም ነው፣ ክብርም ነው። ማስኩ ግን ይህን አይረዳም፤ በጢሙ መሃል አየር ያሾልካል። የመብሳቱን ሥራ ለተላጨው ልጅ ስጡ፣ እናንተ መሬት ላይ ሆናችሁ ምሩት። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ቱታው በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ይውለቅ፤ ማስኩ ግን የመጨረሻው ይሁን። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ላብ ስላሰለቸው ማስኩን አውልቆ ቱታውን ያራግፋል። ቤት ይዛችሁ የምትገቡት ልብስ አይኑር።

አሁን ደግሞ ከአቧራው ፈጥኖ የሚገድለውን ልናገር። ሃምሳ ዓመት አይጠብቅም፣ በዚያው ቀን ነው። የአስቤስቶስ ጣሪያ ሰው አይሸከምም። ቆርቆሮ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። ይህ ሰሌዳ ግን ድንገት እንደ ሸክላ ምጣድ ይሰበራል። የጅማን ዝናብ ደግሞ አስቡት። ሰሌዳው ላይ ሽበትና አረንጓዴ ሸማ ይለብሳል፣ ሲሚንቶው እየታጠበ ይሳሳል፣ ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። «ብሎኑ በተመታበት መስመር ከሄድክ ከሥሩ ብረት ስላለ አትወድቅም» የሚል ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ለረዳቶቼ ነግሬ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ስህተት ነው። እግር ትንሽ ከተንሸራተተ አለቀ፤ የዛገ ብሎን አጠገብ ያለ ሰሌዳ ራሱ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ከሥር በመወጣጫ ሥሩ። ካልተቻለ ከብረት ብረት የሚደርስ ሰፊ ጣውላ ዘርግታችሁ፣ ቀበቶውን ከጠንካራ ነገር ጋር አስራችሁ። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ጭቃም በእጅ አትዛቁት፤ ከጣሪያው ታጥቦ የወረደ ቃጫ እዚያ ነው የሚተኛው። ቀለም ሠሪዎች፣ አሮጌ ሰሌዳ በሽቦ ብሩሽ ወይም በግፊት ውኃ አይታጠብም።

ማውረድን እንረሳዋለን። የዛገ ብሎን አልፈታ ሲል ሰሌዳውን ሰብረን ታፔላውን እንገነጥላለን። ብሎኑን ዘይት ቀብታችሁ ጠብቁት፤ ካልሆነ ከሰሌዳው ራቅ ብሎ በብረት መጋዝ ቆርጣችሁ ግንዱን እዚያው ተዉት። ግድግዳው ላይ የቀረ የብሎን ጉቶ ማንንም አልገደለም። የወደቀ ስባሪ ካለ ሳይደቅቅ፣ ረጥቦ፣ በሁለት ድርብ ላስቲክ ታስሮ፣ «አስቤስቶስ፣ አትክፈቱ» ተብሎ ይጻፍበት፤ የት እንደሚቀበርም ከከተማው አስተዳደር ጋር ተነጋገሩ። አጥር ሲሠሩበት፣ ክረምት ላይ ደጃፍ ጭቃ ላይ ሲረግጡት፣ ምድጃ ሥር ሲያደርጉት አይቻለሁ። በእግር የተረገጠ ስባሪ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይፈጫል።

ረዳት የምትቀጥሩ አለቆች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው የመንገርና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ የጣለው በእኛ ላይ ነው። «ራሱ ማስክ አልገዛም» የሚባል መልስ የለም።

ጥያቄ አለን ብላችሁ ነበር፤ አንዱን ልመልስና ላብቃ። እዚያ ጥግ ያለው ልጅ «እኔ አሥር ጊዜ በስቻለሁ፣ አልቆልኛል ማለት ነው?» አለኝ። አላለቀልህም፣ ወንድሜ። አደጋው ከመጠኑና ከዘመኑ ጋር ነው የሚያድገው፤ ዛሬ ብታቆም በሒሳቡ ላይ ሌላ አቧራ አይጨመርም። ሲጋራ ካለ አቁም። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ሳል ካልለቀቀህ ወደ ሐኪም ሂድ፤ ከሁሉ በፊትም ሥራህን ንገረው፣ ካልነገርከው አያውቅምና።

እኔ ባለፈው ዓመት ራጅ ልነሳ ሄጄ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ሥራ» የሚለው ላይ «የግል» ብላ ጻፈች። እህቴ፣ እባክሽ አስተካክይልኝ አልኳት። «ምን ልበል ታዲያ?» አለች። «ታፔላ ሰቃይ በይ፤ ከ1989 ጀምሮ፣ አስቤስቶስ ላይ።» ሦስት ጊዜ ደገምኩላት፤ አስቤስቶስ የሚለውን ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። ሐኪሙ ካርዱን ሲያይ ቀና ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ቀዳዳ?» የሚል ነበር።